አይሱዙውና ሞተሩ አንድ ግቢ ሲያድሩ

በዚህ አምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ሥራ፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብና እርቅ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ግን ለመጀመሪያ ሲታይ የቤተሰብ ገጽ ነገር አይመስልም። የመንገድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመኪና ሹፌሮችና የሞተር ሳይክል ነጂዎች በአንድ መንገድ ላይ እንዴት ይተላለፋሉ የሚል ነው። «ይኼ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ እንጂ የእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም አክስቴ ቤት እስክደርስ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር።

አክስቴ የምትኖረው በጋምቤላ ክልል፣ በአቦቦ ወረዳ፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ከተጓዙት ሰፋሪዎች ጋር ስትመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ለሰፋሪዎቹ መንደሮች ያን ጊዜ የተሰጣቸው ስም ቁጥር ነበር፤ ዛሬም ሰው «የየት ነህ?» ሲባል ቁጥሩን ይጠራል። አክስቴ እዚያው አደገች፣ እዚያው ተዳረች፣ አምስት ልጆች ወለደች። ባለቤቷ፣ እኛ የወንድምና የእህት ልጆች ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ 26 ዓመት የነዱ የጭነት አይሱዙ ሹፌር ናቸው። የመጀመሪያው ልጃቸው ደግሞ ያጠራቀመውን ገንዘብ ከእናቱ እቁብ ጋር ደምሮ አንድ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ገዝቶ ከአቦቦ ጋምቤላ ሰው እያመላለሰ ይሠራል። ማታ ማታ አይሱዙውና ሞተሩ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ያድራሉ። አባትና ልጅ ግን ካለፈው ጥር ጀምሮ አንድ ትሪ ቀርበው አያውቁም።

አክስቴ ስልክ ደውላ፣ «ጋዜጠኛ ነኝ ትይ የለም እንዴ? ሥራሽ ሰው ማነጋገር አይደለም? እንግዲያው ነይና እነዚህን ሰዎች አነጋግሪልኝ» አለችኝ። ለሌላ የመስክ ሥራ ወደ ጋምቤላ እንደምሄድ ሰምታ ኖሮ ነው። እሺ አልኩ። ነገሩ ግን እንዲህ የከበደ አልመሰለኝም ነበር።

የሆነውን ልንገራችሁ። ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ 50 ኩንታል በቆሎ ጭነው ወደ ጋምቤላ ይሄዱ ነበር። ከፊታቸው ሦስት ሞተሮች ጎን ለጎን ሆነው፣ ነጂዎቹ እየተጫወቱ፣ የራሳቸውን የመንገድ ግማሽ እንዳለ ይዘው ይሄዳሉ። ጋሼ ክላክስ አደረጉ፤ አልተነሡላቸውም። ደገሙ። አንደኛው ልጅ እጁን አውለበለበ፤ «እለፍ» ይበል «ታገሥ» ይበል አልታወቀም። ጋሼም ነዳጅ ረግጠው በግራ ወጡ። ገና ሳይቀድሙ ከፊት ሌላ መኪና መጣባቸው፤ ያለ ጊዜያቸው ወደ ቀኝ ሲመለሱ ሞተሮቹ ተገፋፉና የዳረኛው ከመንገድ ወጥቶ ወደቀ። በዚያ ሞተር ላይ ዓሣዋን ይዛ ወደ ገበያ የምትሄድ አንዲት የአኙዋክ ሴት ነበረች። ጋሼ በስፖኪዮው አዩ። አልቆሙም።

ሞተረኞቹ ጋምቤላ ላሉት ጓደኞቻቸው ስልክ ደወሉ። አይሱዙው ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ሞተሮች መንገዱን ዘግተው ጠበቁት። ድንጋይ ተወረወረ፤ የቀኙ ስፖኪዮ ረገፈ፤ የፊት መስተዋቱም ተሰነጠቀ። ፖሊስ ደርሶ ጋሼን ከመሐል አወጣቸው። ከተሰበሰቡት ሞተረኞች አንዱ ታዲያ የገዛ ልጃቸው ነበር።

ጠቡ ይኸ ነው። አባት፣ «ሲወረውሩብኝ ቆመህ አየህ፤ አላስቆምክም» ይላሉ። ልጅም፣ «እኔ አንድ ጠጠር አልወረወርኩም፤ አባባ፣ አንቱስ መቼ ቆሙ?» ይላል። ከዚህ ወዲያ የሚጨመርበት ቃል ስለሌለ ሁለቱም ዝም ብለው አንድ ወር ከረሙ። በመሐሉ ሁለት ጊዜ ራት የምታቀርበው፣ ለሁለቱም የየብቻ የምትጨነቀው እናት ናት። አባት ሲዘገዩ «ሞተረኞች ያዙት ይሆን?» ትላለች፤ ልጅ ሲዘገይ «አይሱዙ ገፋው ይሆን?» ትላለች። አንባቢ ሆይ፣ የመንገዱ ነገር ወደ ጓዳ የገባው በዚህ በር ነው።

ጋምቤላ ስደርስ የአክስቴ ልጅ ራሱ በሞተሩ ሊወስደኝ መጣ። የካቲት ነበር፤ የጋምቤላን የካቲት የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ አይበል። ጥላ ፈልጋችሁ የቆማችሁበት ጥላ ራሱ ይተኩሳል፤ የባሮ ወንዝም ነፋስ አይሰጥም። ልጁ የራስ ቁር አለው፤ ነገር ግን ያጠለቀው ራሱ ላይ ሳይሆን ክርኑ ላይ ነበር። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «እቴ፣ በዚህ ሙቀት አንጎል ይቀቅላል» አለኝ። ለተሳፋሪ የሚሆንስ? «አንድ ነበረኝ፤ ሴቶቹ ሹሩባችን ይበላሻል፣ የሰው ላብ ይሸታል እያሉ እንቢ ሲሉኝ ቤት ጣልኩት።»

እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ስሙ። ጠባብ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ ነበርና ወደ ጎን ተቀመጥሁ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ቦርሳዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው የልጁን ሸሚዝ ጨበጥሁ። ስለ ጥንቃቄ በዚህ ገጽ ስንት ጊዜ የጻፍኩ ሰው! ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን የነጠላዬ ጫፍ ወርዶ ከኋላው ጎማ ጋር ሲጫወት አንዲት መንገደኛ አይታ ጮኸች። ልጁ አቁሞ «እቴ፣ ይኸ ነገር ሰው አንቆ ያውቃል» ብሎ ነጠላዬን ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። የነጠላ፣ የሻሽ፣ የረጅም ቀሚስ ጫፍ በሰንሰለትና በጎማ ሽቦ ሲያዝ ተሳፋሪዋን ወደ ኋላ ጎትቶ እንደሚጥላት ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ወደ ጎን የተቀመጠች ሴት ደግሞ ሚዛኗ በአንድ በኩል ነው፤ ሞተሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የምትጨብጠው ነገር የላትም።

መንገዱ ሁለት መኪና ያስተላልፋል፤ ዳሩ ግን በየቦታው ተበልቷል፤ ጠጠር ተከምሮበታል፤ ፍየሎች ይወጡበታል። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና መጣና የክላክሱን ጩኸት ጀርባዬ ላይ አፈነዳው። «ዳር ያዝለት እንጂ!» አልኩ። «ዳሩ ጠጠር ነው፤ ከያዝኩት እንንሸራተታለን» አለኝና ቦታውን ሳይለቅ ቀጠለ። መኪናው ሲያልፈን ክንድ የሚያህል ርቀት እንኳ በመሐላችን አልነበረም። ካለፈ በኋላ ነፋሱ ሞተሩን መጀመሪያ ወደ ውጭ ገፍቶ ቀጥሎ ወደ መኪናው ሳበው። ቦክሰር ማለት ከአንድ መቶ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ዕቃ ነው፤ በነፋስ እንደሚናወጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጁ ግን ለምዶታል፤ አልተነፈሰም።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ እሱ በተራው አንዲት ፒክአፕ በቀኝ በኩል፣ በዳሯ ሾልኮ ቀደመ። በአገራችን ሕግ መቅደም በግራ በኩል መሆኑን ያውቃል፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተምሮታል። «በግራ ከወጣሁ ከፊት የሚመጣው አይምረኝም፤ ዳሩ ይሻላል» ይላል። ቅድም ጠጠር አለበት ብሎ ለጭነት መኪናው ያልለቀቀለት ዳር፣ ለመቅደም ሲሆን መንገድ ሆነለት። ይኸን ስነግረው ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም።

አቦቦ ስንደርስ በስተቀኝ ወረድኩ። የቦክሰር ጭስ ማውጫ በቀኝ ነው። የባቴን ቆዳ ያህል እዚያ ብረት ላይ ትቼ አክስቴን ተሳለምኩ። እናንት እህቶች፣ በዚያ አካባቢ በሞተር የሚመላለሱትን ሴቶች የቀኝ ባት ብታዩ ብዙዎቹ ክብ ጠባሳ አለባቸው፤ እኔም አሁን አለኝ። በግራ መውረድ ነው።

በማግሥቱ ወደ ግድቡ ሄድን። አልዌሮ ግድብ በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እርዳታ ሥራው የተጀመረ፣ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ፣ ከ10 ሺህ ሔክታር በላይ መሬት ያጠጣል ተብሎ የታሰበ ግድብ ነው። ለብዙ ዓመታት ውኃው ተኝቶ ከቆየ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ለሩዝ እርሻ ሰፊ መሬት በሊዝ ወስዶ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ትራክተሩም፣ የጭነት መኪናውም በዚህ አገር የበዛው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው ትላለች አክስቴ። ለአካባቢው ሴቶች ግን ግድቡ ማለት ዓሣ ነው። ወንዶቹ ከንጋት በፊት መረባቸውን ያነሣሉ፤ ሴቶቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ተቀብለው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ፀሐይ ሳይጠነክር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጋምቤላ ገበያ መድረስ አለባቸው። ዓሣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሞተር ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህም ሞተረኛው ይቸኩላል። «ለምን ትሮጣላችሁ?» የሚል ሰው ይኸን ማወቅ አለበት።

ያቺ ከሞተር ላይ የወደቀችው ሴት እዚያው ውኃው ዳር ነበረች። የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ገና በጨርቅ ታስሮ ነበር፤ ዓሣውን በቀኝ እጇና በጥርሷ እየረዳች ትጠቀልላለች። አክስቴንና እሷን ገበያ ያስተዋወቃቸው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ «እህቴ» ይባባላሉ። እኔንም «ነይ፣ የእህቴ ልጅ» ብላ አስቀመጠችኝ።

«ከእጄ ይልቅ ዓሣው ነው ያስለቀሰኝ» አለች። ያን ቀን የተበተነው ዓሣ የብቻዋ አልነበረም፤ የሦስት ሴቶች ነበር። ለሕክምናው ከኪሷ ከፈለች፤ የዓሣውን ዕዳ ለመክፈል ደግሞ ሁለት ፍየሎች ሸጠች። ያገኘችው የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ አስቀድማ ካልከፈለች እንደማትታይ ነገራት። መድን የሚባል ነገር እንዳለ አንድም ሰው አልነገራትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበልና ለእናንተም የሚጠቅም ነገር ልንገር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይገባለት መንገድ ላይ እንዳይነዳ አዝዟል። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰውም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተወሰነው ወጪ እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ፣ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ፈንድ አለ። እንግዲህ ቤተሰባችሁ ውስጥ ሹፌር ወይም ሞተረኛ ካለ የመድኑን ወረቀት ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ቀኑን እዩ። የአክስቴን ልጅ ወረቀት አየሁት፤ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ጋሼ በአክስቴ በኩል ገንዘብ ልከውላት ነበር። አልተቀበለችም። «ገንዘቡን ሳይሆን እሱን ነው የምፈልገው፤ መጥቶ እጄን ይይ» አለች። በጥላቻ አልነበረም የተናገረችው፤ ዓሣውን መጠቅለሏንም አላቋረጠች። አክስቴ ይኸን ለባሏ ነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰፈሩ ውስጥ ብገባ ይነሡብኛል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ይኸን የተረዳሁት በመመለሻዬ ነው። ከጋሼ ጋር በአይሱዙው ጋቢና ተቀምጬ ወደ ጋምቤላ ስሄድ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የጄዊን የስደተኞች መጠለያ አለፍን። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን እንደ እግረኛ አደረጉት፤ ወሬም አቆሙ። ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና በዚያ መጠለያ ሁለት ሕፃናት ገጭቶ ገደለ። ሹፌሩ ኢትዮጵያዊ ነበር። በቁጣ የተነሡ ስደተኞች ከአደጋው ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን፣ በመጠለያው ሥራ ላይ የነበሩ ቢያንስ 10 ኢትዮጵያውያንን ገደሉ። ቀኑ ደግሞ ታጣቂዎች ከድንበር ማዶ ገብተው ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ሕፃናትን ወስደው ከሄዱ አንድ ሳምንት እንኳ ያልሞላው ነበር፤ ክልሉ በሙሉ ልቡ ቆስሎ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ እኔ እዚህ አገር ሰው ብገጭ አልቆምም ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር» አሉኝ ጋሼ፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ወደ ፖሊስ ነው የምሄደው ብዬ። የዚያን ዕለትም ወደዚያው እየሄድኩ ነበር። ማን ያምነኛል?»

እኔ አመንኋቸው። ሆኖም ያቺ ሴት ጠጠር ላይ ተቀምጣ እጇን ይዛ ያየችው የአይሱዙውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ በምን ታውቃለች? ሕጉም የሚለው ቁም፣ የተጎዳውን እርዳ፣ ከዚያ ለፖሊስ አስታውቅ ነው። ሕይወቱን የፈራ ሹፌር ምን ያድርግ ለሚለው ግን በበኩሌ ቀላል መልስ የለኝም። በጋምቤላ መንገድ ላይ አንድ ተጨማሪ ክብደት አለ፤ ሹፌሩ ብዙውን ጊዜ ከደጋ የመጣ፣ ሞተረኛው ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ ነው። ስለዚህ «እሱ ሳይሰጠኝ ቀደመኝ» የሚለው ነገር ወዲያው «እነሱ» እና «እኛ» ወደሚል ይሄዳል። የአክስቴ ቤት ጠብ ይህን መላ ምት ያፈርሰዋል፤ እዚህስ አባትና ልጅ፣ አንድ ደም፣ አንድ ቋንቋ ናቸው፤ ጠቡ ግን ያው ነው።

ከመነሣታችን በፊት ግን ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ሆኖ ነበር፤ እሱን ሳልነግራችሁ አለፍኩ። ጠዋት አክስቴ ቡና አፍልታ ልጇን ጠራችውና «እስቲ የአባትህ ወንበር ላይ ውጣ» አለችው። ልጁ ያፈረ መሰለ፤ ጋሼም አልከለከሉም። ወጣና መሪውን ያዘ። አክስቴ ጀበናዋን እንደያዘች በአይሱዙው ቀኝ በኩል ዞራ ከበሩ ሥር፣ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ቆመች። «አሁን የት ነኝ?» ብላ ጮኸች። ልጁ በአዲሱ ስፖኪዮ አየ፤ በመስኮት አንገቱን አሰገገ። «የለሽም» አላት። «ጀበናው ይጨስ የለም እንዴ?» «አይታየኝም፣ እማዬ።» እሱ ሁልጊዜ ሾልኮ የሚቀድመው በዚያ በኩል ነው።

ይኸን ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት «ማንም፤ ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ መኪናው ሲነሣ እዚያ ሥር እንዳይጫወቱ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው አይደለሁ?» አለችኝ።

ተራው የጋሼ ነበር። አክስቴ «አንተም እሱ ሞተር ላይ ውጣና እስከ ድልድዩ ይውሰድህ» አለቻቸው። ጋሼ ሞተሩን አዩት። ብዙ አዩት። «አልወጣም» አሉ። «ፈራህ?» አለቻቸው። «አዎን፣ እፈራዋለሁ። ምን ይዞ ይቀመጣል ሰው?» አሉ። 26 ዓመት ከባድ ጭነት የነዱ ሰው ይኸን በልጃቸው ፊት ሲናገሩ ልጁ አንገቱን አቀረቀረ። አልሳቀም።

በመንገድ ላይ ከጋቢናው ሆኜ ያየሁትን ባልነግራችሁ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። ከላይ ሲታይ ሞተር እንደ ዝንብ ነው፤ አሁን አለ፣ አሁን የለም። ጋሼ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይነዱ ነበር፤ ይኸ ማለት በእያንዳንዷ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል መሄድ ነው። አንድ ሞተረኛ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ግራ ሲታጠፍብን፣ ጋሼ አይተው እግራቸው ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ ከአንድ ጎጆ እስከ ሌላው ጎጆ ያለውን ርቀት ሄደናል። 50 ኩንታል ጭነት ሲኖር ደግሞ መኪናው ፍሬን ተይዞም ቶሎ አይቆምም። የአንዳንዱ ሞተር የኋላ መብራት የለም፤ ማታ ላይ ከሆነ የምታዩት ነጂውን ሳይሆን አቧራውን ነው። ነገር ግን ጋሼም ቢሆኑ ከሞተር ኋላ ሲጠጉ ክላክሱን የሚነኩት በጣም ቀርበው ነው። «ራቅ ብለው ቢያሰሙትስ? ከኋላው ሲጮህበት ይደነግጣል፤ እኔ ደንግጫለሁ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ቀጥሎ ያገኘነውን ሞተር ግን ከሩቅ ነው ያሰሙት። ልጁም ፈጥኖ ዳር ያዘ፤ እጁንም አነሣ።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሞተርን መከልከል ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ያለ እገዳ አውጥታ ነበር፤ ኋላ ለተወሰነ ሥራ የተፈቀደላቸው ብቻ እንዲነዱ ተደረገ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። አቦቦ ላይ ሞተር ቢከለከል ግን ምጥ የያዛት ሴት፣ ዓሣ የምትሸጥ ሴት፣ ትምህርት ቤቱ የራቀበት ልጅ በምን ይሄዳል? የከለከለው ሰው አይሱዙ ይልክላቸዋል? በበኩሌ አይታየኝም።

«ሰዉ አይለመድም» የሚሉም አሉ። ይኸን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ እንደነበር ነው። በዚያ ዓመት በቀኝ ሆነ፤ ሹፌሩም፣ ባለጋሪውም፣ እግረኛውም ለመደ። የራስ ቁሩንም ነገር ብታዩ ቬትናም ከእኛ ያልተናነሰ ሞቃት አገር ናት፤ ሞተርም ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጥባታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ሕጉን ካጠበቀች በኋላ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ነጂ የራስ ቁር ማድረግ ጀመረ። ለሙቀቱም ቀለል ያለ፣ አየር የሚያስገባ ቁር ተሠራላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የራስ ቁር በአግባቡ ማጥለቅ የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን 69 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእኛም አገር የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቢሆን ሞተረኛ የራስ መከላከያ እንዲያደርግ ያዛል። ክርን ላይ አይልም።

ጋምቤላ ስንደርስ ጋሼ ጭነታቸውን አራገፉ። እኔም ሥራዬ ላይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወለች። ጋሼ ባዶ መኪናቸውን ከመንገድ ዳር አቁመው፣ በእግራቸው፣ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደዋል። ልጁ ለምን እንደተከተላቸው አልተናገረም፤ «ይነሡባቸዋል ብዬ» ብሎ ነው ለእናቱ ኋላ የነገራት። የተነሣ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ እጇን አሳየቻቸው። ጋሼም አዩ፤ ምን እንዳሉ አክስቴ አልሰማችም። የፍየሎቹን ዋጋ ግን ያን ጊዜ ተቀብላለች። የአንዷን ፍየል ዋጋ ጋሼ፣ የሌላይቱን ደግሞ ያን ቀን ጎን ለጎን ሲነዱ የነበሩት ሦስቱ ሞተረኞች አዋጥተው ሰጡ። ይኸን ያስደረገው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ተቆጥተውት ነበር ይባላል።

ስፖኪዮውን ማን ይክፈል የሚለው ገና አላለቀም።

አሁን ስለ ራስ ቁሩ። አክስቴ ልጇ ቤት የጣለውን የተሳፋሪ ቁር አንሥታ ውስጡን አየች። ሽታው እውነት ነው። ከአንድ አሮጌ ነጠላዋ ሁለት እጥፍ ጨርቅ በቁሩ ውስጠኛ ልክ ቆርጣ፣ ጠርዙን ቀምቅማ፣ ዳሩ ላይ ቀጭን ላስቲክ አስገብታ ወልቆ የሚታጠብ ገበር ሰፋችለት። እንዲያውም አራት ሰፋች፤ አንዷ ተሳፋሪ ስትወርድ ሌላዋ ንጹሑን ታደርጋለች፤ ማታ አራቱም ይታጠባሉ። በዚያ ሙቀት በአንድ ሰዓት ይደርቃሉ። ሹሩባውም ከጨርቁ ሥር ይቀመጣል፤ አይተረተርም። ዓሣ ሻጯ ሴት የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆናለች። ጨርቁ ስስ የጥጥ መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ቁሩ አይገጥምም፤ አገጭ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ በገበሩ መሸፈን የለበትም፤ ሁልጊዜም መታሰር አለበት። ልኩን መላክ የምትፈልጉ በዚህ አምድ ስም ጻፉልኝ፤ የአክስቴን የወረቀት ቅድ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ስደውል ጋሼ አነሡ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ከበስተጀርባ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ልጁ ገና መግባቱ ነበር። ጋሼ ስልኩን ከአፋቸው አራቁና «የኋላ መብራትህ ይበራል?» ብለው ጠየቁት። ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማሁም። «ቆይ ልየው» አሉና ስልኩን ለአክስቴ ሰጥተውልኝ ወጡ።